ሁሉም የተስማማበት ቢሮ

እትዬ ሰብሳቢ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ግራ ገብቷቸው ያውቃል፤ እንደዚህኛው ያለ ግን አልገጠማቸውም። ድሮ ግራ ሲገባቸው ቢያንስ ግራ ያጋባቸውን ሰው ያውቁት ነበር፤ ሄደው ይታረቁታል። አሁን ያም የለም። ጉልበታቸውን ያፈሰሱበት የልጆች መዋያ ሊዘጋ ነው፤ ይዘጋ ያለውን ሰው ግን በመንደሩም ሆነ አብሬያችሁ ልሥራ ባላቸው ዩኒቨርሲቲ ፈልገው ማግኘት አልቻሉም።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢ ከሆኑ ወዲህ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ጠፋ። ባለቤታቸው እንኳ በሕይወት ሳሉ፣ «ሰብሳቢ ሆይ፣ የእራቱ ጉዳይ በአጀንዳ ተይዟል ወይስ ለሚቀጥለው ተላልፏል?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። በየምርጫው እሳቸው የሚመረጡት ንግግር አዋቂ ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም ስብሰባ ላይ እምብዛም አይናገሩም። ሰው አያስቀይሙም፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ በመሐል ሆነው ፈገግ ይላሉ፤ ሁለቱም ፈገግታውን ለየራሳቸው ይወስዱታል፤ ጭቅጭቁም በዚያው ይበርዳል። ይህ ጸባያቸው መንደሩን ለዓመታት ጠቅሞታል። አንድ ቀን ጉድ ያፈላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ማኅበሩ ንብረት ቢባል ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ረጅም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ ክፍል። ከጥግ እስከ ጥግ ፍራሽ ይነጠፍበታል። ግድግዳው እስከ ልጅ ቁመት ድረስ በእርሳስ ተሞነጫጭሯል፤ ከዚያ በላይ ንጹሕ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቶች ወደ ሥራ ሲሮጡ ልጆቻቸውን እዚያ ያስረክባሉ፤ አመሻሽ ላይ መጥተው ይወስዳሉ። ልጆቹን የሚይዙት እትዬ ሰብሳቢ ራሳቸውና አንዲት ጎረቤታቸው ናቸው።

ከልጆቹ መሐል አንዷ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነች። እናቷ፣ ማለትም የእትዬ ሰብሳቢ ብቸኛ ልጅ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። ባል የላትም፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። መዋያው ከተዘጋ አያትየዋ ሕፃኗን ቤት ይዘው ይውሉላታል እንዳይባል፣ የእትዬ ሰብሳቢም እንጀራ ከዚያው ከመዋያው ነው፤ ሲዘጋ እሳቸውም ሌላ ሥራ ፍለጋ መውጣታቸው ነው። ከሁለቱ አንዷ ሕፃኗን ይዛ ቤት መቅረቷ የግድ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ለመንደሩ የክፍል ጉዳይ ቢሆንም፣ ለእሳቸው የጓዳ ጉዳይ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው በክፉ አልመጣም። ይህን እትዬ ሰብሳቢ ዛሬም አይክዱም። «ከማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር በማኅበራዊ ፍትሕ ዙሪያ በትብብር መሥራት» የሚባል ነገር ይዞ ነው የመጣው። ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ፣ አከራይ ድንገት ውጡ የሚላቸውን፣ አሠሪ ላባቸውን የሚበላባቸውን ሰዎች የሕግ ተማሪዎች በነጻ ያማክሩ ማለት ነው። መንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ በደል ያልደረሰበት ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ሰዎቹ እንመጣለን ሲሉ ማኅበሩ ደስ ብሎት ክፍሉን አጠበ፣ ፍራሾቹን ጠቅልሎ ጥግ አቆመ፣ ከየቤቱ ደህና ደህና ወንበር ለቃቅሞ ጠበቃቸው።

ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን ዘመም የሚያደርግ ዶክተር ነው፤ በሕግ ትምህርት ክፍል ያስተምራል። ሁለተኛዋ አስተባባሪ ነች፤ ባለ ብዙ ቀለም ቁራጭ ወረቀትና ማርከር የሞላበት ቦርሳ የማይለያት ወጣት። እሁድ ስለነበር አንድም ልጅ በአካባቢው አልነበረም። ቀን ቀን ልጆች ይውሉበታል ተብሎ ተነገራቸው፤ እነሱም ግሩም ነው አሉ።

«እኛ ይዘንላችሁ የመጣነው ሐሳብ የለም» አለ ዶክተሩ ሰው ከተቀመጠ በኋላ። «እስካሁን ተማርን የሚሉ ሰዎች እየመጡ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ ብለዋችሁ ይሆናል። እኛ እንደዚያ አንሠራም። የምታስቡትም የምትወስኑትም እናንተ ናችሁ። እኛ እንሰማለን።»

የማኅበሩ ምክትል ሰብሳቢ ጋሽ ሾፌር ወደ እትዬ ሰብሳቢ ጆሮ ጠጋ አሉና፣ «ባዶ እጃቸውን ነው እንዴ የመጡት?» አሉ። ጋሽ ሾፌር ዕድሜያቸውን ከከባድ መኪና ሞተር ጋር ሲጯጯሁ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሹክ አልኩ ሲሉ ሰፈር ይሰማቸዋል። ዶክተሩ ሰምቶ ፈገግ አለ።

እዚህ ላይ የመንደሩን አንድ አመል ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ መንደር እንግዳ ምን ትፈልጋለህ ተብሎ አይጠየቅም። ይገመትለታል። ውኃ ልስጥህ ወይ ብሎ መጠየቅ የንፉግ ሥራ ነው፤ ቀድቶ ማቅረብ እንጂ። እንግዳውም የቀረበለትን አልፈልግም አይልም። ዶክተሩ በበኩሉ የተማረው ሌላ ነው፤ ሰዎቹ ከራሳቸው አንደበት ሳያወጡት አንዲት ሐሳብ ጣል ማድረግ በእሱ ትምህርት ቤት ነውር ነው። እንግዲህ አንዱ ወገን ሳይጠይቅ የሚገምት፣ ሌላው ወገን ሳይናገር የሚጠይቅ ሆነው ተፋጠጡ።

አስተባባሪዋ ተነሳች። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች። «በዚህ ክፍል ውስጥ ፍትሕ ቢኖር ምን ይታያችኋል?»

ሰው ዓይኑን ጨፈነ። አንዳንዱን በዚያው ሸለብ አደረገው። የታየው ሰው ግን ያለ አይመስልም፤ ዝምታው ረዘመ፣ ጉሮሮ መጥረግ በዛ። ጋሽ ሾፌር ለእንግዶቹ አዘኑላቸው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ዝም ተብለው ሊመለሱ ነው። የሕግ ሰዎች ምን ቢባሉ ደስ ይላቸዋል ብለው አሰቡና፣ «የሕግ ቢሮ ይታየኛል» አሉ። «ጠረጴዛ አለ። መደርደሪያ አለ። እ... ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት።» ሰዓቱን የጨመሩት ለማሳመር ነው።

አስተባባሪዋ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ጽፋ ከልጆቹ ሙንጭርጭር በላይ ለጠፈችው። ዶክተሩም፣ «ምን ይመስላችኋል?» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ሰብሳቢ ዞረ። እትዬ ሰብሳቢ ስለ ፍራሾቹ እያሰቡ ነበር፤ ጠጋ ጠጋ ቢሉ ጠረጴዛ የሚገባበት ጥግ ይገኛል ወይ እያሉ። ዓይን ሲበዛባቸው ግን እንደ ልማዳቸው ፈገግ አሉ። ያኔ ተጨበጨበ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ዶክተሩ ፕላን ይዞ መጣ። ተማሪዎች በንጹሕ ወረቀት ላይ የሣሉት፣ ልኩ የተጠበቀ፣ የሚያምር ሥዕል ነው። ምክር የሚሰጥበት ጠረጴዛ፣ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት አግዳሚ፣ መደርደሪያ፣ ሰዓቱ ሳይቀር ክብ ሆኖ ተሥሏል። እትዬ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛውን አለፉ፣ አግዳሚውን አለፉ፣ ፍራሾቹን ፈለጉ። የሉም። ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው አዩ፤ ከጀርባውም የሉም።

ልጆቹስ የት ሄዱ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ደግሞ የእንግዳን ሥራ ማንቋሸሽ መሰላቸው። ስለዚህ ዞር አድርገው፣ «መቼም ልጅ ባለበት ጫጫታ አይጠፋም» አሉ።

ዶክተሩ አንገቱን ዘመም አድርጎ ሰማቸው። «ልክ ነው። ምስጢሩን የሚናገር ሰው ጸጥታ ይፈልጋል። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

እትዬ ሰብሳቢ በዚህ መልስ ውስጥ ልጆቹ እንዲወጡ መፈለጉን ሰሙ። «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ...» አሉ።

«አይ፣ እኛ አላልንም። ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«አዎ፣ እኛማ ብለናል» አሉ እትዬ ሰብሳቢ፤ እንግዳን ውሸታም ማድረግ አይቻልማ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ነገሩ ራሱን ችሎ መሄድ ጀመረ። የሚመረቅበት እሁድ ተቆረጠ። ሰዓቱ ተገዛ። የመዋያው እናቶች ወሬው ደረሳቸው፤ ጠዋት ልጆቻቸውን ሲያስረክቡ ዓይናቸውን መሬት እየተከሉ፣ «ለመንደሩ ጥሩ ነው አሉ፣ እትዬ» ይሏቸዋል። እሳቸውም፣ «ጥሩ ነው ይላሉ» ይመልሳሉ። ማን እንደሚል ግን አያውቁም። ልጆቹን ሲያስተኙ የማን ልጅ የት ይውል ይሆን እያሉ ፊታቸውን በየተራ ያያሉ።

አንድ ምሽት ልጃቸው የሕፃኗን ልብስ ስትተኩስ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው እንደዋዛ ነገሯት። «መዋያውን የሕግ ቢሮ ሊያደርጉት ነው።» ልጅቷ የካውያውን እጀታ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ፣ «አንቺ ጥሩ ነው ካልሽ ጥሩ ነው፣ እማ» አለችና መተኮሷን ቀጠለች።

እትዬ ሰብሳቢን ይህ መልስ አሳዘናቸው። እምቢ ብትል ኖሮ፣ ብትቆጣ፣ ብታለቅስ እንኳ፣ በነጋታው ተነስተው፣ «ልጄ እምቢ አለችኝ» ብለው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይሄዱ ነበር። ለራስ መለመን ያሳፍራል እንጂ ለልጅ መለመን አያሳፍርም። እሷ ግን እንደዚያ አላደረገችላቸውም። ግድ የላት ይሆናል ብለው አሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ እንዴት ግድ አይኖራት ብለው አሰቡ፤ ሁለቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አደሩ።

ጠዋት ልጆቹን ለጎረቤታቸው ትተው፣ ለክፉም ለደጉም ያስቀመጡትን ጫማ አድርገው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዱ። በሩ ላይ ዘበኛው ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። «ዶክተር ምን ይመስላችኋልን» ሊሉ ነበር፤ መንደሩ ያወጣለት ስም አፋቸው ላይ መጥቶ በስንት መከራ ዋጡት። ትክክለኛ ስሙ ደግሞ ጠፋባቸው። ቀጭን ነው፣ አንገቱ ዘመም ይላል ቢሉ ዘበኛው እንዲህ ያሉ መምህራን ብዙ መሆናቸውን ነገራቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላካቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጸሐፊ ወደ ምድር ቤት መለሰቻቸው። በየኮሪደሩ የተዘጉ በሮች ላይ የተለጠፈውን ሁሉ እያነበቡ ሲንከራተቱ ራሱ ዶክተሩ ፎቶ ኮፒ ታቅፎ ከፊት ለፊታቸው መጣ።

ቢሮው ከእሳቸው ጓዳ ይጠባል። ያለችውን አንድ ወንበር ለእሳቸው ለቆ፣ እሱ የመጻሕፍት ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ስለ ጤንነቱ ጠየቁት። ስለ እናቱ ጤንነት ጠየቁት። ስለ አስተባባሪዋ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ደረጃው ቁልቁለት ተነጋገሩ። ከዚያ የሚጠየቅ አለቀ።

«ዶክተር» አሉ እትዬ ሰብሳቢ። «አይቀየሙኝና፣ መዋያውን ለምን ፈለጋችሁት?»

ዶክተሩ ካርቶኑ ላይ ተንቀሳቀሰ። «እኛ? እኛ እኮ አልፈለግነውም። የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ?»

«በመጀመሪያው ቀን ቢሮ ያላችሁት እናንተ። ልጆች ያስቸግራሉ ያሉት እርስዎ።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «በዚህ ጉዳይ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተጣልቻለሁ። የልጆች መዋያ ዘግቶ ቢሮ መክፈት ምን የሚሉት ፍትሕ ነው አለችኝ። እኔም እንዳንቺ ይሰማኛል አልኳት፤ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን ሰዎቹ ወስነዋል፣ የእኔ አንጀት በእነሱ ውሳኔ ምን አግብቶት አልኳት። ለእናንተ ብዬ ነው የተከራከርኩት፣ እትዬ።»

እትዬ ሰብሳቢ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሊከራከሩት የመጡት ሰውዬ እየተከራከረላቸው ነው፤ የሚከራከርላቸው ደግሞ እሳቸው ለማይፈልጉት ነገር ነው። «እኔስ... እኔ እንኳ ባይዘጋ ነበር የምወደው» አሉ በመጨረሻ፤ በጣም ቀስ ብለው።

የዶክተሩ ፊት ሊበራ ፈልጎ መልሶ ጨለመ። «ይህ የእርስዎ ነው ወይስ የማኅበሩ?»

«እሱን አላውቅም።»

«እንደዚያ ከሆነ እኔም አንድ ሰው ነገረኝ ብዬ የብዙ ሰው ውሳኔ መሻር አልችልም። ይጠይቋቸው። እባክዎን ይጠይቋቸው» አለ። ልመናው ከልቡ ነበር። ደጅ ድረስ ሸኛቸው፤ ሲሰናበታቸውም ሁለቱም የተጽናኑ ለመምሰል ሞከሩ።

ያን ሳምንት እትዬ ሰብሳቢ አመሻሽ ላይ ከመዋያው ሲወጡ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ የአባላቱን በር አንኳኩ። መጀመሪያ ልጆቹን አብራቸው የምትይዘውን ጎረቤታቸውን ጠየቁ። «እኔማ ሰማይ ነው የተደፋብኝ» አለች ጎረቤት። «ግን እርስዎ ደስ ብሎዎት ፈገግ ሲሉ አየሁዎት። እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት?» ቀጥለው አንዷን እናት ጠየቁ። «ሰብሳቢያችን ከፈለጉት ምክንያት ቢኖራቸው ነው ብዬ» አለች እናትየዋ። ሌላዋም እንደዚያው። ሁሉም ያልፈለጉት ነገር ነው፤ ሁሉም ሌላው ፈለገው ብለው ነው የተቀበሉት፤ ያ ሌላው ደግሞ ሲፈለግ እትዬ ሰብሳቢ ሆነው ይገኛሉ።

ጋሽ ሾፌርን ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ሲጠግኑ አገኟቸው። «ጋሽ ሾፌር፣ ለመሆኑ ያን ቀን ቢሮው በእርግጥ ታይቶዎት ነበር?»

«ምን ይታየኛል? ዓይኔን ስጨፍን ጨለማ ነው የታየኝ» አሉ ጋሽ ሾፌር። «ሰዎቹ እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ሲጨበጨብልኝ ጊዜ እኔም አመንኩት።»

«ታዲያ በኋላ ለምን አልተናገሩም?»

ጋሽ ሾፌር መዶሻውን አስቀመጡ። «እርስዎ የወደዱት መስሎኛ። ይህን ሁሉ ዘመን በልጅ ለቅሶ ጆሮዎ ደንቁሮ፣ አሁን ቢሮ ተከፍቶ ሰብሳቢ ሆነው ጠረጴዛ ይዘው ቢቀመጡ ምን አለበት አልኩ። እኔ ማነኝና ልከልክልዎት?»

እትዬ ሰብሳቢን ንዴትም እፍረትም አንድ ላይ መጣባቸው። በዚያች ሰው ማስታረቂያ በምትባል ፈገግታቸው መንደር ሙሉ ሕፃን ደጅ ሊውል ነው። ያም ሆኖ ጥርጣሬው አልለቀቃቸውም፤ ጋሽ ሾፌርም ቢሆኑ አሁን እንዲህ የሚሉት እሳቸው የመጡበትን ገምተው ለማስደሰት ቢሆንስ? ሰው የፈለገውን መናገሩንና ደስ ይበላቸው ብሎ መናገሩን በምን ይለዩታል? ቤታቸው ሲገቡ ራሳቸውን ያማቸው ስለነበር ልጃቸው ደህና አመሸሽ ስትላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻ አለፏት።

የምረቃው እሁድ ደረሰ። ፍራሾቹ ከክፍሉ ወጥተው በረንዳ ላይ ተከምረዋል። ሰዓቱ ተሰቅሏል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሷ መጥታለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ያለውን የልጅ ሙንጭርጭር አተኩራ ታያለች። ዶክተሩ ተነሳ። እንቅልፍ ያልተኛ ይመስላል። «ከመጀመራችን በፊት» አለ፤ እትዬ ሰብሳቢን ብቻ እያየ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ፣ ምን ይመስላችኋል?»

ሰው እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው ዞረ። እትዬ ሰብሳቢ ፊታቸው ሊፈግግ ሲል ታወቃቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው ተነሱ።

«እኔ አልፈልግም» አሉ።

ይህን ቃል በሰው ፊት፣ ያውም በእንግዳ ፊት፣ ተናግረው አያውቁም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። «ሌላው ሰው የፈለገ እንደሆነ እንጃ» ብለው ቀጠሉ። «እኔ ግን አልፈለግኩም፤ ያን ቀንም አልፈለግኩም። ፈገግ ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው።»

«እኔም» አሉ ጋሽ ሾፌር በዚያ በከባድ መኪና ድምፃቸው። «እኔም» አለች ጎረቤት። ከዚያ ከየወንበሩ፣ ከየበሩ፣ ከበረንዳው ሳይቀር «እኔም» ተባለ። ኃላፊዋ ዞር ዞር ብላ ሁሉንም አየቻቸውና፣ «ታዲያ ይህን ቢሮ የፈለገው ማነው?» አለች። ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲነቀነቅ ያለቅሳል ያሉ ነበሩ፤ ይስቃል ያሉም ነበሩ።

የቀረው ቀላል ሆነ። ተማሪዎቹ ልጆች በማይኖሩበት እሁድ እየመጡ ባለጉዳይ እንዲያነጋግሩ ተስማሙ፤ ጠረጴዛ ቢያስፈልግ የሚታጠፍ ይመጣል። አሁን በእርግጥ ተስማምታችኋል ወይ ብሎ ዶክተሩ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ጠየቀ፤ ሰውም በጥያቄ ብዛት ሰለቸው። ጋሽ ሾፌር ከወጣቶቹ ጋር ፍራሾቹን ወደ ውስጥ መለሱ።

እትዬ ሰብሳቢ ወደ ቤታቸው የሄዱት እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል። ልጃቸው ሕፃኗ ተኝታባት ስለነበር ስብሰባው ላይ አልነበረችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኟትና እየተንሰፈሰፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት፤ የኃላፊዋን ጥያቄ፣ የዶክተሩን ነገር፣ የጋሽ ሾፌርን ድምፅ እያስመሰሉ። «መዋያው አልተዘጋም! ሥራሽ አልተነካም» አሏት።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ሥራዬንማ ለቅቄያለሁ፣ እማ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዓርብ ነው የለቀቅኩት። ትናንት ዕቃዬን ላመጣ ስሄድ ማሽኔ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋለች።»

እትዬ ሰብሳቢ የተቀመጡበት አልታወቃቸውም። «ለምን? ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ደክሞሽ መስሎኝ ነዋ።» ልጅቷ የተኛችውን ሕፃን ብርድ ልብስ ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች። «መዋያው ሊዘጋ ነው ስትዪኝ ፊትሽን አየሁት፤ ፈገግ ብለሽ ነበር። በቃ ልጅ መያዝ ሰልችቷታል፣ ለእኔ ብላ ነው እስከዛሬ የተሸከመችው አልኩ። ግን እስከ ዓርብ ድረስ ሐሳብሽን ትቀይሪ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ደግሞ በየምሽቱ የሰው በር ስታንኳኪ አየሁሽ። እናቶቹን እንዲስማሙልሽ የምትለምኚ መሰለኝ። እናቴ በየደጁ እየዞረች ከምትለምን እኔ ብቀመጥ ይሻላል አልኩ።»

እትዬ ሰብሳቢ የዞሩባቸውን ደጆች በሐሳባቸው አንድ በአንድ ዞሩ። የጎረቤት በር፣ የእናቶቹ በሮች፣ የጋሽ ሾፌር ደጃፍ። ከእያንዳንዱ በር ተመልሰው እዚህች ቤት ገብተዋል፤ እዚህች አልጋ አጠገብ ጫማቸውን አውልቀዋል። ልጃቸውን ግን አልጠየቁም። የሷን የሚያውቁት መስሏቸው ነበር። እንባቸው መጣ፤ አላስቀሩትም።

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው» አሉ።

«እኔም ላንቺ ብዬ ነው» አለች ልጅቷ።

ሰኞ ጠዋት መዋያው ተከፈተ። እናቶች እየተጣደፉ መጡ፤ ልጆቻቸውን አስረከቡ፣ ሳሙ፣ ወደየሥራቸው በረሩ። የእትዬ ሰብሳቢ ልጅም ልጇን አቅፋ መጣች። ሕፃኗን ከፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሕፃኗም ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ልጅቷ ቀና ብላ ሌሎቹ እናቶች ወደሄዱበት መንገድ አየች፤ እግሯ እንደ ሁልጊዜው ሊሮጥ ነበር፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አላወቀም። በሩ መሐል ቆማ ቀረች። እትዬ ሰብሳቢ ግቢ ይበሏት ወይስ ሂጂ ይበሏት ግራ ገብቷቸው፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደታቀፉ ቆመው አዩዋት።